ሲስተር ካሰች በጆሯቸው የያዙን ዓመታት

ሲስተር ካሰች እዚህ መሥሪያ ቤት ሥራ የጀመሩ ዕለት እኔ ደምበጫ መንገድ ላይ ነበርሁ።

ይኸው፣ ገና አፌን ስከፍት ሳቃችሁ! እሺ፣ አልነበርሁም። ቆዩ፣ በሥርዓቱ ልናገር።

ለማታውቁኝ እንግዶች፣ መልካሙ እባላለሁ፤ የአምቡላንስ ሹፌር ነኝ። ቅድም ኃላፊያችን አቶ ሰይፈ የሲስተርን የመሸኛ ንግግር ከወረቀት ጥሩ አድርገው አነበቡ። እኔ ወረቀት ስይዝ የነዳጅ ኩፖን እየመሰለኝ ቶሎ ኪሴ ስለምከተው በቃል ነው የምናገር። ሲስተር ካሰች ቡሬ በኩል ብዙ ዘመን በነርስነት አገልግለው፣ ጉልበታቸው አልታዘዝ ሲላቸው፣ «ተቀምጠው የሚሠሩት ሥራ አለ» ተብለው ወደ ፍኖተ ሰላም፣ ወደ እኛ የጥሪ ክፍል መጡ። ገበሬው «ሚስቴ በምጥ ተያዘች» ብሎ ሲደውል ስልኩን ያነሣሉ፣ ይጠይቃሉ፣ እኔን ይልካሉ። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ይኸው ነው ሥራቸው።

እናላችሁ፣ በዚያ በመጀመሪያው ቀን ስልኬ ጮኸ።

«መልካሙ ነህ?»

«አቤት።»

«አዲሷ የጥሪ ክፍል ሠራተኛ ነኝ፤ ካሰች እባላለሁ። የት ነህ?»

«ከደምበጫ ወደዚያው እየመጣሁ ነው፤ መንገዱን ከባድ መኪና ስለዘጋው ጥቂት ዘግይቻለሁ፤ በግማሽ ሰዓት ውስጥ እደርሳለሁ» አልሁ።

ከዚያ በጣም በቀስታ፣ «መልካሙ» አሉኝ፣ «መሪ የያዘ ሰው ዓረፍተ ነገር አይጨርስም። ላም ይገባበታል፣ ባጃጅ ይገባበታል፣ መሐል ላይ አቋርጦ ይሳደባል። አንተ ግን እስከ አራት ነጥቡ አደረስኸው። የት ነህ?»

«ሥጋ ቤት።»

«የትኛው?»

«ከቢሮው ጀርባ ያለው።»

«በል ጨርሰህ ና። እያኘኩ መንዳት ጥሩ አይደለም።»

መልካቸውን እንኳ አላየሁም ነበር እኮ! ሳያዩኝ ያዙኝ። ቢሮ ስገባ ዓይናቸውን ጨፍነው የተቀመጡ፣ የቀኝ ጆሯቸውን ጉትቻ አውልቀው የሻይ ማስቀመጫው ላይ ያኖሩ ሴትዮ አገኘሁ። ጉትቻው ስልኩን እየነካ ይንኳኳባቸዋል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያ ጉትቻ ሲወልቅ ያየ ሁሉ ንግግሩን ያሳምራል። ይኸው አሁንም እጃቸው ወደ ጆሯቸው ሄደ፤ ኧረ ዛሬ አይንኩት ሲስተር!

የእሳቸውን ትምህርት እዚህ ያለ ሁሉ ቀምሷል። «የፈራ ሰው ጉሮሮው ይጠብባል፣ ድምፁ ይቀጥናል፣ ምራቁን ሲውጥ ይሰማሃል» ይሉናል። «የሚዋሽ ሰው ደግሞ ጥያቄህን መልሶ ይሰጥሃል። የት ነበርህ ስትለው፣ እኔ የት ነበርሁ? ይልሃል፤ እስኪያስብ ነው።» እኛም ብልጦች ነን፤ ጥያቄ መድገሙን ተውነው። ወዲያው ወዲያው መመለስ ጀመርን። «አሁን ደግሞ ቸኮላችሁ» ብለው በዚያ ያዙን።

አቶ ሰይፈ ይፍቀዱልኝና፣ አንድ ቀን ሲስተር ሲደውሉላቸው «ስብሰባ ላይ ነኝ!» አሉ። ሲስተር፣ «ስብሰባ ላይ ያለ ሰው ያንሾካሹካል፤ እርስዎ ግን እየጮኹ ነው። እህል ተራ ነዎት መሰለኝ፤ ለእኔም ሽምብራ ይያዙልኝ» አሏቸው። ሽምብራው መጣ፤ በልተናል።

ከሁሉ የባሰው ግን እኔ ላይ የደረሰው ነው። ባለቤቴ ወይኒቱ እዚያ ተቀምጣለች፤ ትመስክር። ቤት ስዘገይ «ተረኛ ነበርሁ» ስላት፣ ስልኳን ታወጣና ለሲስተር ትደውላለች። «ሲስተር፣ ይኼ ሰውዬ ተረኛ ነበርሁ ይላል።» «ስጭውና ይናገረው» ይላሉ። ስልኩ ጆሮዬ ላይ ይደረጋል። «ተረኛ ነበርሁ» እላለሁ። «እስከ ስንት ሰዓት?» ይሉኛል። በቃ! የእኔ ትዳር ይግባኝ የለውም።

እንዲህ ሰውን ሲይዙ ኖረው ራሳቸው መዋሸት አይችሉም። የቢሮው ፔርሙዝ የተሰበረ ቀን አቶ ሰይፈ «ማን ሰበረው?» ሲሉ፣ ሲስተር «እኔ እንጃ» አሉ። ግን ያቺ «እንጃ» እንደ ዲያቆን ዜማ ወደ ላይ ወጥታ፣ ወጥታ፣ አልወርድ አለች። ማንም ሌላ ጥያቄ አልጠየቀም።

እሺ፣ አሁን ከሳቁ ትንሽ ልውጣ። ይህ ሁሉ ጆሮ ለጨዋታ አልነበረም።

የምንሮጠው ባንድ መኪና ነው። ቀን በቀን የውሸት ጥሪ አለ። አንድ ጊዜ «እናቴ ራሷን ሳተች» ተብዬ ሄድሁ፤ ብደርስ ሰውዬው ሁለት ጆንያ በርበሬ ደግፎ ቆሟል፤ ገበያ ላድርስለት ነው። እኔ ከእሱ ጋር ስከራከር፣ በሌላው ወገን አንዲት እናት በቃሬዛ ሦስት ሰዓት ተጓዘች። እሷ ተረፈች፤ ልጇ አልተረፈም። ሲስተር ካሰች በዚያ ሳምንት ሽምብራም አልበሉ፣ ከማንም ጋር አልተጫወቱ። ከዚያ በኋላ ነው የከብቱን ጥያቄ ያመጡት።

የከብቱ ጥያቄ እንዲህ ነው። ሰው ይደውላል፤ «ሚስቴ ታመመች፣ ድረሱልኝ» ይላል። ሲስተር ሁሉን ከጠየቁ በኋላ፣ «ከብት ስንት አለህ?» ይላሉ። የእውነት የጨነቀው ሰው ይቆጣል። «አንቺ ሴትዮ! ሚስቴ እየሞተች የምን ከብት ነው!» ይላል። ያን ጊዜ ሲስተር ፈገግ ይላሉ፤ «መልካሙ፣ ውጣ። አንቱታውን ጥሏል» ይሉኛል። በእኛ አገር ሰው ትልቅን «አንቺ» የሚለው ምን ያህል ቢጨንቀው እንደሆነ ታውቃላችሁ። በርበሬ ጫኙ ግን፣ «ከብት? አራት አሉን እመቤቴ፣ እርስዎስ ደህና ነዎት?» ይላል። እሱን «በባጃጅ ሂድ» ይሉታል። በዚህ ጥያቄ ብዙ ነፍስ ተርፏል፤ ቆጥሬ አልጨርሰውም።

የዛሬ ሁለት ዓመት ደግሞ ማሽኑ መጣብን።

ዮርዳኖስ የምትባል ፈጣን ልጅ ከአዲስ አበባ መጥታ ላፕቶፗን ከስልካችን ጋር አገናኘች፤ የሚደውለው ሰው ድምፅም ለሁላችን ይሰማ ጀመር። «ይኼ ፕሮግራም ድምፅ ይተነትናል» አለችን። «ሰው ሲጨነቅ ድምፁ ውስጥ በጆሮ የማይሰማ ለውጥ አለ። ከተጨነቀ ቀይ ያበራል፣ ከተረጋጋ አረንጓዴ። በውሸት የሚደውል ሰው ስለማይጨነቅ በአረንጓዴው ታውቁታላችሁ።»

አቶ ሰይፈ ደስ አላቸው። «ውሸትስ ይይዛል?»

«አዎ፣ ሰው ሲዋሽ ስለሚጨነቅ ቀይ ይሆናል።»

ሲስተር ጉትቻቸውን አወለቁ። «ቆይ ልጄ» አሉ። «ቀይ ሲበራ ሚስቱ ታማበት ነው ወይስ እየዋሸን ነው?»

ዮርዳኖስ ላፕቶፑን አየች፣ ሲስተርን አየች። «እሱን... እያጠናነው ነው» አለች።

ይሁንና ሁላችን መሞከር አማረን። አቶ ሰይፈ ቀድመው ማይኩን ያዙና፣ «ሰይፈ እባላለሁ» አሉ። ቀይ! «ስሜ ነው እኮ!» ብለው ጮኹ፤ የባሰ ቀላ። ለካ ከሰዓት በኋላ ከዞን ገምጋሚ እየመጣባቸው ኖሯል። የመድኃኒት መጋዘን ጠባቂያችን መሪጌታ ክንፈሚካኤል ተከተሉ። ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «እኔ ጠላ አልወድም» አሉ። አረንጓዴ! ጥርት ያለ አረንጓዴ! ቤቱ በሳቅ ፈረሰ፤ በሰንበቴ ሲጎነጩ ያላያቸው የለማ። መሪጌታ ግን ጋቢያቸውን አስተካክለው፣ «እገሌ እገሌን ጠላ ሲባል አልወድም ማለቴ ነው። የገብሱን መቼ አነሣሁ?» አሉ። ዮርዳኖስ ሰምና ወርቁን የት እንደምትመዘግበው ጨንቋት ቀረች።

በሦስተኛው ቀን፣ ማክሰኞ ቀትር ላይ፣ ስልኩ ጮኸ። ጠዋት ሁለት የውሸት ጥሪ ተቀብለናል። ሁለቱም «ደም አልቆመም» ብለው ነበር፤ ይህን ቃል ሲሉ መኪና ቶሎ እንደሚመጣ ሰው ለምዷል።

«እንደምን ዋላችሁ እመቤቴ» አለ አንድ ወንድ። «ኪዳነ ማርያም እባላለሁ። ከቡሬ ወዲህ ነው ቤታችን። ባለቤቴ ጠዋት ተገላገለች። ልጅቷ ደህና ናት። ደሙ ግን አልቆመም፤ መኪና ብትልኩልን።»

ድምፁ ጥላ ሥር ቁጭ ብሎ ስለ ዝናብ የሚያወራ ሰው ድምፅ ነው። አይቸኩልም፣ አይቀጥንም። ላፕቶፑን አየሁት፤ አረንጓዴ።

ሲስተር ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ከብት ስንት አለህ?»

«አምስት ናቸው እመቤቴ፤ አንዷ ጥጃ ናት። እግዚአብሔር ይመስገን።»

«መልሰን እንደውላለን» ብለው ዘጉት። «መልካሙ፣ ቁልፉን አስቀምጥ።»

አስቀመጥሁ። የማፍርበትን ልናገር፤ እኔም «ጥጃዋን ሊያሳክም ይሆናል» ብዬ ሳቅሁ። አቶ ሰይፈ ሳቁ። ሲስተር ግን አልሳቁም። ጉትቻውን አነሡ፤ አልሰኩትም። በጣታቸው ያዟዙሩታል። ሻያቸው ቀዘቀዘ። ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አዩ፣ ስልኩን አዩ። «አላማረኝም» አሉና መልሰው ደወሉ።

«ኪዳነ ማርያም፣ ስልኩን ለባለቤትህ አቅርብልኝ።»

«ብዙም አትናገርም እመቤቴ።»

«ግድ የለም፣ ከአፏ ሥር አድርገው።»

በክፍሉ ያለነው ሁሉ ሰማን። ሰውዬው በአዊኛ አንድ ነገር አላት፤ ልጅ እንደሚያባብል፣ በለሰለሰ ድምፅ። መልስ የለም። ትንፋሽ ብቻ። አጭር፣ አጭር፣ ከዚያ ዝም። እንደገና አጭር። ላፕቶፑ ምንም ቀለም አላበራም፤ ትንፋሽ ንግግር አይደለማ።

ሲስተር ካሰች ያ ጉልበታቸው እንዳለ ብድግ ብለው ቆሙ። «መልካሙ! ውጣ!»

እኔ ወጣሁ፤ እሳቸው ከስልኩ አልወጡም። ሆዷን ከእምብርቷ ሥር አጥብቆ እንዲያሽላት፣ ሕፃኗን ጡቷ ላይ እንዲያደርግ፣ ጋቢ እንዲደርብላት እያዘዙት፣ እስክደርስ ድረስ ዝም አላሉም። ጎረቤቶቹ በቃሬዛ አስፋልቱ ዳር አድርሰዋት ነበር። እህተ ማርያም ትባላለች፤ ፊቷ አመድ መስሏል። ጫንናት። ኪዳነ ማርያም ከኋላ አጠገቧ ተቀመጠ፤ አሁንም በዚያው በለሰለሰ ድምፅ ያወራታል። ስልኬን ከፍቼ ከመሪው አጠገብ አድርጌዋለሁ፤ ሲስተር ይሰማሉ።

እየነዳሁ ተናደድሁ። «አንተ ሰው» አልሁት፣ «ምን ዓይነት ልብ ነው ያለህ? እንዴት እንዲህ ትረጋጋለህ?»

ከኋላ ወደ ሹፌሩ በምትከፈተው መስኮት በኩል ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። ያን ጊዜ ነው ድምፁ ሲሰበር የሰማሁት። «ቀስ በል ወንድሜ፤ ትሰማሃለች። ከጠዋት ጀምራ የእኔን ድምፅ ነው የምትሰማ። ደህና ነሽ፣ ምንም አልሆንሽ እያልኋት ነው። ስደውልም አጠገቤ ነበረች። ድምፄ ቢንቀጠቀጥ፣ እንደምትሞት ታውቀው ነበር።»

ይህን ብሎ ጋቢውን አፉ ላይ አድርጎ አለቀሰ። ምንም ድምፅ አላወጣም።

ሆስፒታል ደረስን፤ ደም ተሰጣት፤ ተረፈች። ወገኖቼ፣ ተረፈች! ሕፃኗም ዛሬ ዶሮ ታባርራለች።

በማግሥቱ ሲስተር ሆስፒታል ሄዱ፤ ደግፌ ያስገባኋቸው እኔ ነኝ። ኪዳነ ማርያም ሲያያቸው ተነሥቶ እጅ ሊነሣ ሲል፣ ቀድመው እሳቸው ዝቅ አሉ። «ትናንት ውሸታም ብዬህ ነበር» አሉት። «በልቤ ብቻ አይደለም፤ መኪናውን አስቀርቻለሁ። አሥራ አንድ ደቂቃ። ይቅር በለኝ።»

ሰውዬው ግራ ገባው። እጃቸውን ያዘና፣ «እኔም እኮ ዋሽቻለሁ እመቤቴ» አለ። «እርስዎን አልነበረም እንጂ፤ እሷን ነው።»

ሲስተር ሲያለቅሱ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። አይ፣ አሁን ሁለት ሆነ። ሶፍት ስጧቸው እባካችሁ።

ቢሮ ስንመለስ ሪፖርት መጻፍ ነበረበት። አቶ ሰይፈ፣ እንደሚያውቁት እወድዎታለሁ፤ ግን «ማሽኑ አረንጓዴ አለ ተብሎ ይጻፍ፤ እርስዎን ለምን እናስነካለን?» አላሉም? ይኸው ራሳቸውን ነቀነቁ። ሲስተር ምን መለሱ? «ማሽኑ ስልክ አላነሣም። እኔ ነኝ ያነሣሁት።» በገዛ እጃቸው፣ ስማቸውን ጠቅሰው፣ አሥራ አንዷን ደቂቃ ጻፉ። ተግሣጽ የሚመጣባቸው መስሎን ፈራን። የመጣው ግን ሌላ ነው፤ እሳቸው ያረቀቁት መመሪያ ጸደቀ። የሚያጠራጥር ጥሪ ሲመጣ መኪናው መጀመሪያ ይነሣል፤ ጥያቄው እኔ መንገድ ላይ እያለሁ ይቀጥላል። ውሸት ከሆነ ከመንገድ ይመልሱኛል።

ዮርዳኖስ ላፕቶፗን ስታሽግ፣ «ይህን ነገር ፕሮግራሙ ውስጥ በምን ላስገባው?» አለቻቸው። «አታስገቢው» አሏት። «መጨነቁን ይንገርሽ። ለምን እንደጨነቀው፣ ለምንስ እንዳልጨነቀው፣ አንቺ ሰውዬውን ጠይቂው።» ልጅቷ ዛሬም ሰላምታ ልካለች፤ በዚህች ጥያቄ ላይ ጽሑፍ እየሠራሁ ነው ብላለች።

በዚህ መመሪያ ምክንያት እኔ ያየሁትን አበሳ ግን ማንም አያውቀውም! ባለፈው ጥር «ሙሽራዋ ወደቀች» ተብዬ በረርሁ። ለካ የሚዜዎቹ መኪና ተበላሽቶ ኖሯል፤ አበባ ይዘው በር ላይ ተደርድረው ጠበቁኝ። ሲስተር በስልክ የሙሽራዋን አባት እንዴት እንዳደረጓቸው! ሽማግሌው ስልኩን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ሲስተር በሌሉበት ሦስት ጊዜ እጅ ነሡ። እኔ ባዶ እጄን አልተመለስሁም፤ ድፎ ዳቦ ተሸክሜ ነው የገባሁ። «ድምፅህ ጠግቧል» አሉኝ። ሲስተር፣ እሱ እንኳ እውነት ነበር።

አሁን ለእርስዎ የምለው አለኝ። ለእርስዎ ብቻ ነው፤ ሌላው ይስማ እንጂ።

አምና ከግሽ ዓባይ መንገድ አንድ ሕፃን አመጣሁ፤ መኪናዬ ውስጥ አረፈ። አድርሼ፣ አስረክቤ፣ ደወልሁልዎ። «ጨርሻለሁ ሲስተር፤ መኪናውን አጥቤ እገባለሁ፤ ደህና ነኝ» አልሁ። ድምፄን አስተካክዬ ነው የተናገርሁ፤ አሥራ ሦስት ዓመት አስተምረውኛላ። እርስዎ ግን፣ «መኪናውን ተወውና ወደ እኔ ና» አሉኝ። መጣሁ። ምንም አልጠየቁኝም። አጠገብዎ ወንበር ሳቡልኝ፤ ስልክ እያነሡ፣ እየዘጉ፣ አንዳንዴ ትከሻዬን መታ እያደረጉ፣ ሁለት ሰዓት ያህል አስቀመጡኝ። ከዚያ አንድ ነገር ጠየቁኝ፤ ምን እንደነበር እንኳ ረስቼዋለሁ። መለስሁልዎ። «አሁን ድምፅህ ተመልሷል፤ ወደ ወይኒቱ ሂድ» አሉኝ። በማግሥቱ ሥራዬን እለቃለሁ ብዬ ወስኜ ነበር። አልለቀቅሁም። ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም፤ ወይኒቱም ዛሬ ነው የምትሰማው።

ብዙዎቻችን በዚህ ቤት «ደህና ነኝ» ብለን ዋሽተን፣ እርስዎ ጋ ሳናልፍ ቀርተናል። ስለያዙን እናመሰግናለን። የያዙብንን ለማንም ስላላወሩብን ደግሞ የበለጠ እናመሰግናለን። በእርስዎ ወንበር የምትቀመጠው አደይ ጎበዝ ልጅ ናት፤ አደራዎን ትወጣለች።

በሉ፣ ተነሡ። ብርሌ የያዘ ብርሌውን፣ ብርጭቆ የያዘ ብርጭቆውን ያንሣ። እኔ ተረኛ ስለሆንሁ በለስላሳ ነው። መሪጌታ፣ የያዙትን አይደብቁ፤ ያንሡት!

ሲስተር ካሰች፣ ጉልበትዎን ጠበሉ ይማርልዎ። ዱርቤቴ ከተማ ልጅዎ ዘንድ ሲሄዱ የልጅ ልጆችዎ እየተንጫጩ እንቅልፍ ይከልክሉዎት። የለፉላቸው እናቶች በየደጃቸው ቆመው ይመርቁዎት። ከዛሬ ጀምሮም ስልክዎ ሲጮህ፣ የሚደውልልዎ የጨነቀው ሳይሆን የናፈቀዎ ይሁን።

ለሲስተር ካሰች! ጠጡላቸው!